የሚነዝረው ቤት

ኬልቪን ትሬሎር የዛሬውን ቤት ፈትሾ ጨርሶ ከመተኛት ሌላ ምንም አላማረውም። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። በሆርሻም ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት ቧንቧ ሲዘረጋ ኖረ፤ ጉልበቱ እምቢ ሲለው የኤሌክትሪክ ፍተሻ ተማረና የሚሸጡ ቤቶችን እየዞረ መመርመር ያዘ። በወሩ መጨረሻ ይህንንም ይተወዋል። ያተረፈው ነገር ቢኖር ስም ነው። ኬል የሠራውን ሌላ ሰው ደግሞ አይሠራውም ይባልለታል፤ እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል እንጂ ደስ ይለዋል።

ቤቱ የቨርና ማክሊሽ ነው። ቨርና ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቤቷን ሽጣ ጂሎንግ ከተማ ልጇ ዘንድ ልትገባ ስለሆነ ዕቃዋን ሁሉ ካርቶን ውስጥ ከታዋለች። ያልታሸገው ማንቆርቆሪያዋና ምላሷ ብቻ ነው።

“አንተ ልጅ፣ ፊትህ ያልተተኮሰ ሸሚዝ መስሏል” አለችው በሩን እየከፈተች።

“ደህና አደርሽ ወይ ቨርና።”

“ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ከመግባትህ በፊት በሩ ሥር ያለውን ነጠላ ጫማ አጥልቅ። ማሽኑ ይነዝራል።”

ኬልቪን ቆም አለ። “ከመቼ ጀምሮ?”

“እኔ ምን አውቄ፤ ዓመታት ሆነው። ላስቲክ ካደረግክ አይነካህም። መንገዱ በሙሉ እንደዚያው ነው፣ ሁሉም ቤት በሩ ሥር ነጠላ ጫማ አለው። የአካባቢው አፈር ነው ይላሉ።”

“አፈሩ ምን አደረገ?”

“ጨው አለበት አሉ። ምን ታፈጥብኛለህ፣ እኔ አልጨመርኩበት!”

እንዲህ ያለው ነገር ያበግነዋል። ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ ይደቅናሉ፣ ማሽኑ ሲነዝር ጫማ ይቀይራሉ፤ ከዚያ ለልጅ ልጅ ያወርሱታል። እያጉረመረመ ጓሮ ወጣና አንድ የብረት ዘንግ አፈሩ ውስጥ ሰካ። የኤሌክትሪክ መለኪያውን አንዱን ጫፍ ዘንጉ ላይ፣ ሌላውን የማሽኑ ብረት ላይ አሳረፈ። ዜሮ ማለት ነበረበት፤ ሰባ ቮልት አለው። ምድጃውን ሞከረ፣ ሰባ። የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ሞከረ፣ ያው ሰባ። የአንዱ ዕቃ ብልሽት ቢሆን ኖሮ አንዱ ላይ ብቻ ይታይ ነበር። ይኼ ግን ቤቱ ውስጥ ያለ ብረት ሁሉ ነው።

የቆጣሪውን ሳጥን ከፈተ። የመሬት ሽቦው በቦታው ጥብቅ ብሎ ታስሯል፣ ከሳጥኑም ወርዶ ወለሉ ሥር ይገባል። በእነዚህ አሮጌ የእንጨት ቤቶች ሽቦው የሚታሰረው የውሃው ቧንቧ ላይ ነበር፤ ቧንቧው መዳብ ስለሆነ ከዕቃ ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ይዞ መሬት ውስጥ ይቀብረዋል። ስለዚህ መታየት ያለበት ከወለሉ ሥር ነው። ኬልቪን ጉልበቱን እየረገመ በደረቱ ተሳበ።

ሽቦው በጥሩ ማሰሪያ መዳቡ ላይ ታስሯል። መዳቡ አንድ ክንድ ያህል ሄደና ቆመ። ከዚያ ወዲያ እስከ መንገዱ ድረስ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ ላይ በጥቁር ቀለም እንዲህ ተጽፏል፦ ኬ. ት.፣ ጁላይ 2006።

የገዛ ጽሕፈቱ ነው። ያኔ በሠራው ሁሉ ላይ ስሙን ይጽፍ ነበር፣ ይኮራበት ነበራ! የደፈረሰ ውሃ አስመረረን ሲሉት የመንገዱን ሰዎች አሮጌ ቧንቧ እየቆረጠ ፕላስቲክ ቀጠለላቸው። ውሃው ጠራ። ሽቦው ምን ይሆናል ብሎ ግን አንድም ቀን አልጠየቀም፤ ኤሌክትሪክ የሌላ ሰው ሥራ ነው ይል ነበር።

አፈሩ ላይ ተጋድሞ ቆየ። ነገ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ ለዚህ ቤት አዲስ የመሬት ዘንግ ይተክላል፤ ስለ ሌሎቹ ቤቶች ማን ይጠይቀዋል? ሃያ ዓመት የኖሩበት አይደል? ይህን ማሰቡ ራሱ አሳፈረው፤ ግን አሰበው።

ሲወጣ ቨርና ሻይ ይዛ ቆማለች።

“ቧንቧውን አየኸው?” አለችው። “ለገዢዎቹ የፎከርኩት በእሱ ነው። ኬል የዘረጋው ነው አልኳቸው። አሥራ አንድ ቤት በሁለት ሳምንት! ግዌን እንኳ እስከ ዛሬ ታመሰግንሃለች።”

“ግዌን እንዴት ናት?”

“እዚሁ ጎረቤት አይደለች፣ መቼስ አለች። በበጋው ሻወር ውስጥ ወድቃ ዳሌዋን ሰበረች እኮ። ቧንቧው እጄን ያዘኝ ስትል ሐኪሙ ማዞር ነው አላት። እኔም እርጅና ነው አልኳት፣ ተቀየመችኝ። አሁን ባሏ የምትደገፍበት ብረት ግድግዳው ላይ ተክሎላታል።”

ኬልቪን የሰጠችውን ሻይ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። “ብረት?”

“አዎ፣ ብረት። ምነው?”

ነገራት። ሳያሳምር፣ ሳያሳንስ ነገራት። ቨርና አፏን ይዛ ሰማችው።

“ስለዚህ የሚነዝረን አፈሩ አይደለም” አለች በመጨረሻ።

“አይደለም። እኔ ነኝ።”

“ሃያ ዓመት ሙሉ! እኔ ደግሞ ሻይ አፈላልሃለሁ!” እንባዋ መጣ፤ ከንዴት ይሁን ከድንጋጤ እሷም አላወቀችውም። እሱ ቆሞ በጥድፊያ ሪፖርቱን ሲጽፍ ከትከሻው በላይ አነበበችው። “ስምህን ምን አስጻፈህ? ቧንቧ ሠራተኛው ብትል አይበቃም?”

“አይበቃም።”

“የሥራ ፈቃድህን ይቀሙሃል፣ አንተ ሞኝ። አንድ ወር ቀርቶህ!”

ኬልቪን የቤቱን ዋና ማጥፊያ አውርዶ ማንም እንዳይነካው ነገራትና አጥሩን ዞሮ የግዌንን በር ደበደበ። ባሏ ሌስ ጋዜጣ እንደያዘ ከፈተለት።

“ኬል! ግባ እንጂ፣ ምን ያስሮጥሃል?”

“ግዌን የት ናት?”

“ገላዋን እየታጠበች ነው። ትቆያለች፣ ታውቃታለህ—”

ኬልቪን አሁን የውሃው ድምፅ ተሰማው። ሌስን ገፍቶ አለፈ። በዚያ ጉልበቱ በኮሪደሩ ሮጠ፣ የኋላውን በር ከፍቶ ወጣ፣ የቆጣሪውን ሳጥን ክዳን ገንጥሎ ማጥፊያውን በመዳፉ አወረደው። ሳሎን ያለው ራዲዮ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ከውሃው በቀር ምንም አይሰማም ነበር።

“ሌስ!” ብላ ጮኸች ግዌን ከውስጥ። “መብራቱን የምታጠፋብኝ ምን ሆነህ ነው? ዓይኔ ሳሙና ገብቶበታል እኮ!”

ኬልቪን ግድግዳውን ተደግፎ ተንሸራተተና ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሌስ ከኋላው ምን ሆነሃል፣ ምን ሆነሃል እያለ ይጠይቀዋል። ትንሽ ቆይቶ እጁን ወደ ሌስ ዘረጋ።

“አንሣኝ” አለው። “ዘጠኝ ቤት ይቀረኛል።”