ግመሏ ውሃ ጠጣች

አሥራ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ። አሥራ አንዱንም ዓመት ጠዋት ከቤት ከወጣሁ እስክመለስ ድረስ ውሃ የሚባል ነገር በአፌ አይዞርም ነበር። በመስመሩ መጨረሻ ያለችው አንዲት ሽንት ቤት ቁልፏ ስምሪት ኃላፊው ኪስ ውስጥ ነዋ! ስጠይቀው መልሱ አንድ ነው፤ "ሦስት ደቂቃ ነው ያለሽ፣ አዙረሽ ውጪ።" ወንዶቹ ከጎማ ጀርባ ይጨርሱታል። እኔስ? ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። ሹፌሮቹ "ግመሏ" አሉኝ፤ እኔ ጅሏ ደግሞ ኮራሁበት።

ሆዴ ግን አልኮራም። ድርቀቱ ጠናብኝ፤ አራት አምስት ቀን ሳልጸዳዳ መቆየት ጀመርኩ። ታላቅ እህቴ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፤ "ፋይበር ነው ያነሰሽ" ብላ አንድ ፌስታል ሙሉ ፉርሽካ አሸከመችኝ።

"ላም ነኝ እንዴ?" አልኳት።

"ላም ብትሆኚማ ይሄ ሁሉ መች ይደርስብሽ ነበር!"

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ ልክ የለኝም። ጠዋት ፉርሽካ፣ ቀትር ፉርሽካ፣ ቀይ መብራት ላይ ስቆም ሳይቀር ከፌስታሉ እየዘገንኩ ደረቁን ቃምኩት። ያለ አንዲት ጉንጭ ውሃ! ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ። በሁለተኛው ሳምንት፣ ተሳፋሪ ወርዶ ሳያልቅ፣ መሪው ላይ ድፍት አልኩ።

ሆስፒታል ሐኪሟ ራጁን እያየች፣ "በቀን ስንት ብርጭቆ ውሃ ትጠጫለሽ?" አለችኝ።

"ማታ አንድ።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ፋይበር ሁሉ አንድ አይደለም፣ እህቴ። የፉርሽካው አብዛኛው ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ሆድ ውስጥ ያለውን ገፍቶ ያስወጣል፣ ውሃ ካጣ ግን እዚያው ተከምሮ አንጀት ይዘጋል፤ አንቺንም ያደረገሽ ይሄው ነው። አጃና ባቄላ ውስጥ ደግሞ የሚሟሟው አለ፤ እሱ ውሃውን ይዞ እንደ እርጎ ይወፍርና ያለሰልሳል። ሲሻልሽ ሁለቱንም ቀስ በቀስ ትጀምሪያለሽ። ያለ ውሃ ግን ሁለቱም አይሆኑም። ድጋሚ ከተዘጋ ኦፕራሲዮን ነው።"

"ውሃ ከጠጣሁ ሽንቴ ይመጣላ!"

"ታዲያ ይምጣ!"

ወይ ጉድ! በአሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ሥራ በተመለስኩበት ቀን የተቀቀለ አጃ በምሳ ዕቃ፣ ውሃ በትልቅ ጠርሙስ ይዤ ወጣሁ። የመስመሩ መጨረሻ ስደርስ ግማሹን ጠጥቼዋለሁ። አዲሶቹን ተሳፋሪዎች ጭኜ ወደ ስምሪት ቢሮ ገባሁ።

"ቁልፉን ስጠኝ።"

ቀና ብሎም አላየኝ። "ሰዓትሽ ደርሷል፣ ውጪ።"

"ቁልፉን አልኩህ!"

"ሽንት ቤቱ ለቢሮ ሠራተኛ ብቻ ነው።"

ወደ አውቶቡሱ ተመልሼ ሞተሩን አጠፋሁና ለተሳፋሪዎቹ፣ "ይቅርታ፣ ሹፌሯ ሽንት ቤት ልትሄድ ነው" አልኳቸው። አንዲት እናት ከኋላ፣ "ሂጂ ልጄ፣ ማን ከለከለሽ!" አሉ። የአውቶቡሱን ቁልፍ ነቅዬ ሄድኩና ጠረጴዛው ላይ ዷ አደረግኩለት።

"ወይ ቁልፍ በቁልፍ እንለዋወጥ፣ ወይ ራስህ ንዳው።"

"ሪፖርት አደርግሻለሁ!"

"ጻፍ! ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ 'ሽንቷ መጣ' በል።"

"ትባረሪያለሽ፣ ሴትዮ!"

"ልባረራ! ሥራ ሌላ አገኛለሁ፣ አንጀት ከየት አመጣለሁ?"

ያን ጊዜ ከጀርባዬ አንድ እጅ ተዘርግቶ ሌላ የአውቶቡስ ቁልፍ ከቁልፌ ጎን አስቀመጠ። ግመሏ ብሎ ስም ያወጣልኝ ሹፌር ነው። የስኳር በሽታ አለበት፤ ሽንቱ ቶሎ ቶሎ ስለሚመጣ እሱም ውሃ እንደሚፈራ እስከዚያ ቀን ለማንም አልተናገረም ነበር። ቀጥሎ ሦስተኛ ቁልፍ መጣ። ውጪ የቆሙት አውቶቡሶች ጸጥ አሉ። ስምሪት ኃላፊው ጠረጴዛውን አየ፣ እኛን አየ፣ ከዚያ እጁን ኪሱ ከቶ የሽንት ቤቱን ቁልፍ አወጣ።

ከሽንት ቤቱ ስወጣ በሩን ክፍቱን ተውኩት። ቁልፉን አልመለስኩም፤ ከጠረጴዛው ካነሳሁት የአውቶቡሴ ቁልፍ ጋር አንድ ቀለበት ውስጥ አስገባሁት።

"በርቺ፣ ግመሏ!" አለኝ ሹፌሩ እየሳቀ።

ጠርሙሴን አነሳሁና የቀረውን ውሃ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ እያየኝ ጨለጥኩት።

"ስሜን ቀይር" አልኩት።