ምንም የለብህም ያልኩት አናጢ

መልካም ዜና መናገር እወዳለሁ፤ ችኩልም ነኝ። ሥራው ዝንፍ ስለማይል ባልደረቦቹ «ውሃ ልክ» የሚሉት አናጢ ወገቡን ይዞ ከሚስቱ ጋር የመጣ ዕለት የራጅ ፊልሙን ወደ መብራቱ አንስቼ አየሁና «እንኳን ደስ ያለህ፣ ምንም የለብህም!» አልኩት።

ሚስቱ «ተመስገን!» አለች። የእሱ ፊት ግን ጠቆረ።

«ዶክተር፣ ይቆረጥመኛል እኮ። መዶሻ ማንሳት አቅቶኛል።»

ማስታገሻ ኪኒን ጻፍኩለትና ቀጣዩን ተረኛ ጠራሁ።

ሁለት ዓመት አለፈ። ኮሪደሩ ጫፍ ያለችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ከአንድ ታማሚ ጋር አርባ ደቂቃ ስትቀመጥ «በወሬ ነው የምታክመው» እያልኩ እቀልድባት ነበር። እኔ ለዓመታት ኪኒን ስቀያይርላት የኖርኩላት አንዲት ልብስ ሰፊ ግን እሷ ዘንድ ስትመላለስ ከርማ፣ አንድ ቀን ደረጃውን ያለ ደጋፊ ስትወጣ አየኋት። ቅናት ቢጤ ያዘኝ። ባለሙያዋ ክፍል ገብቼ ምን እንዳደረገችላት ጠየቅኳት።

«ሕመሙ ምን እንደቀማቸው እጠይቃለሁ» አለችኝ። «እንቅልፍ ነው? ልጅ ማቀፍ ነው? እሱን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያልን እናስመልሳለን። ደግሞ ቤተሰብ አስገብቼ እነግራለሁ፤ ፊልሙ ንጹህ ቢሆንም ሕመሙ እውነት ነው። ቁስሉ ድኖ እንኳ ነርቭ መጮኹን የማይተውበት ጊዜ አለ። ቤቱ ካላመነው የኔ ድካም ከንቱ ነው።»

ያ አናጢ ትዝ አለኝ። መዝገብ ቤት ወርጄ ስልኩን አስፈለግሁና ደወልኩ፤ ሚስቱ አነሳች፤ «ይምጣ» ስላት «እሺ» ብላ ዘጋችው።

ብቻዋን መጣች። ጥቁር ለብሳለች።

«ከሞተ ወር ሆነው» አለች። «ሳንባ ምች ነው አሉ። ሳምንት ሙሉ ሲያስለው ‹ምን ሆንክ?› እለዋለሁ፤ ‹ምንም› ይለኛል። ድሮ አመመኝ ባለ ቁጥር ‹ሐኪሙ ምን አለ?› እያልኩ አፉን አስይዘው ነበር። በኋላ ማለቱንም ተወው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እውነቱን ይንገሩኝ ዶክተር። ወገቡን ያመው ነበር?»

አያመውም ነበር ብላት እፎይ ብላ እንደምትሄድ አውቃለሁ። ልዋሽ ፈለግሁ፤ ለእሷም ለራሴም ስል።

«ያመው ነበር» አልኳት። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ሁለት እጇን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች።

«ልጆቹ አባታችን ሰነፍ ነው እያሉ ነው የቀበሩት። ያስተማርኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ። በወረቀት ይጻፉልኝ፣ ማህተምም ይደረግበት። የኔን አፍ ከእንግዲህ አያምኑትም።»

ጻፍኩ። ማህተም አስመትቼ ሰጠኋት። ቃል በቃል አነበበችው፤ ከዚያ ወረቀቱን መልሳ ወደ እኔ ገፋችና ጣቷን ቀኑ ላይ አሳረፈች።

«ይቺን ቀን ብቻ፣ ያኔ አብረን የመጣንበትን ዕለት ያድርጉልኝ» አለች።