ካሴት ላይ የማይሰማ ጉርሻ

በዚያ ክረምት ዝናቡ ቀድሞ ገባ። ወባው ተከተለ። በሐምሌ ልብስ ሰፊው ፍቅሬ ደም ተፋ፤ የሳንባ ነቀርሳ ነው አሉት። ሚስቱ ተዋበች ልጇን ይዛ ይርጋለም እናቷ ዘንድ ሄደች፤ አልተመለሰችም። ገበያ ያለችው የስፌት መኪናው አቧራ ለበሰች፤ እሱ የነካውን ጨርቅ ማን ይለብሳል? የግቢው ሰው ምግቡን ደጃፉ ላይ ያስቀምጥና በሩን በእንጨት አንኳኩቶ ይመለሳል። ሳህኑን መልሶ የሚወስድ የለም። መስከረም ሲጠባ በሩ ሥር የሳህን ክምር ነበር።

ታቢታ በሩን ገፍታ የገባችው ያኔ ነው። እዚያው ግቢ፣ ከግድግዳው ወዲያ ተከራይታ የምትኖር፣ አዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል አሳ እየገፈፈች የምታድር ሴት ነበረች። ባልም ልጅም የላትም። ጸሎት ቤቷ በመንግሥት ከተዘጋ ወዲህ እሁድ የምትሄድበትም አልነበራትም። የተጠበሰ አሳ በሳህን ይዛ መደቡ ላይ ተቀመጠች፤ አጥንቱን ለቀመች፤ ጠቅልላ ወደ አፉ ዘረጋች።

«እጅሽን አርቂ፣ ይጋባል» አላት።

«አፍህን ክፈት፣ አንተ ሰፊ! እጄ አሳ አሳ ይሸታል ብለህ ከሆነ ግን ንገረኝ።»

ጎረሰ። ምግቡን ከሰው እጅ ከተቀበለ ሰንብቷል። ገና ሳይውጠው ሳሉ ተነሳበት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሳሉ ሲያባራለት ታቢታ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ቆማለች።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል ይላሉ አማሮቹ» አለች። «ሁለተኛውን አንተ ታጎርሰኛለህ፤ ስትድን። ብድር ነው፣ እንዳትክደኝ።»

ዳነ። መርፌውና ኪኒኑ ዓመት አለፈው እንጂ ዳነ። ሐኪሙም «አሁን ወደ ሰው አይተላለፍም። ሳሉ ግን ጠባሳ ነው፤ አብሮህ ይኖራል» አለው። ሰው ሐኪሙን አልሰማም፤ ፍቅሬ ሲስል የተቀመጠ ሁሉ ወንበሩን ይስባል። እውነቱን ለመናገር ፍቅሬም ሐኪሙን አላመነም። ታቢታን ሐይቁ ዳር ሲያገኛት እጁን ኪሱ ይከታል።

«ብድሬስ?» ትለዋለች እየሳቀች።

«ሌላ ቀን።»

ብትታመምበትስ? ያጎረሰን እጅ መንከስ ከዚህ ወዲያ ምን አለ? ሌላ ቀን፣ ሌላ ቀን ሲል ታቢታ ከከተማው ወጣ ወዳለችው ቱላ ሄዳ ወንድሟ ጓሮ ጎጆ ቀለሰች። ብድሩ ላዩ ላይ ቀረ።

በእጁ መክፈል ያቃተውን በዘፈን ሊከፍል ተነሳ። የስፌት መኪናውን እየረገጠ ግጥም ይገጥም ጀመር። የቀበሌው ኪነት ቡድን ግጥሞቹን ወስዶ የሙዚቃ ቴአትር አደረጋቸው፤ ስሙንም «ግማሽ ሳንባ» አሉት። በሽታው፣ የሚስቱ መሄድ፣ የሳህኑ ክምር፣ ሁሉም ዘፈን ሆነ። ፍቅሬን ሆኖ የሚጫወተው አለሙ የሚባል ደረተ ሰፊ ጎረምሳ ነው፤ ታቢታን ሆና የምትጫወተው ሙሉመቤት ናት። ቀበሌው መጨረሻው ላይ ምርት ስለ ማሳደግ አንድ ዘፈን ጨመረበት፤ ፍቅሬ አልተከራከረም። አንዲት ቦታ ብቻ አትንኩብኝ አለ። ታቢታ ስታጎርስ ሙዚቃው ሁሉ ዝም ይላል። አዳራሹም አብሮ ዝም ይል ነበር። ፍቅሬ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆሞ ያያል፤ ግራ ቀኙ ባዶ ነው። ጉርሻውን የሚውጠው አለሙ ነው።

ታቢታ አላየችውም። የአዋሳ ቴአትር ወሬ ቱላ አይደርስም። መንገር የነበረበት እሱ ነው፤ እሱም አልነገራትም።

ቴአትሩ ተወደደና የሙዚቃ ቤት ባለቤቱ ሙህዲን በካሴት ልቅዳው አለ። አንድ ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰቡ። መስኮቶቹ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቀለ። ሙህዲን ያለችውን አንድ ማይክራፎን መሀል ላይ አቁሞ ወደ ፍቅሬ ዞረ።

«ጋሽ ፍቅሬ፣ አይቀየሙኝና ያቺን ዝም የሚባልባትን ቦታ እንዝለላት።»

«ለምን?»

«ጉርሻ ካሴት ላይ አይሰማማ! ክሩ ተበጥሷል እያለ ሰው ሁሉ ሊመልስብኝ ነው። ባዶ ካሴት የሚሸጥ ሌባ ልባል?»

«እሷ ከተዘለለች ሁሉም ይቅር።»

«እኔ እንዲሰማ አድርጌ ላላምጠዋ፣ ጋሼ» አለ አለሙ።

«አንተ ዝም ብለህ ጉረስ። አንቺም የምርሽን አጉርሺው።»

«ማን ሊያየን?» አለች ሙሉመቤት።

«ማንም አያይም።»

ሙህዲን ተሸነፈ። ከዚያ ዓይኑን ወደ መሬት ሰብሮ፣ «እሺ፣ ይሁን። ብቻ… እርስዎ ውጭ ቢቆዩልን። ሳልዎ ይገባብናል» አለ።

ሁሉም ማይክራፎኑን ያዩ ጀመር። ፍቅሬ ኮፍያውን አደረገና ወጣ።

በመስኮቱ ሥር፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ኑሮው በብርድ ልብሱ ውስጥ አልፎ ይሰማዋል። አለሙ ሳለ፤ ከጉሮሮው ነው የሚስለው፣ ደረቱ አያውቀውም። ፍቅሬ የራሱን በመሀረብ አፈነ። ሚስቱ ሄደች። ሳህኑ ተከመረ። በሩ ተገፋ። ከዚያ አኮርዲዮኑ ቆመ፤ ክራሩ ቆመ፤ ከበሮው ቆመ።

አሁን እያጎረሰችው ነው አለ በልቡ። ኑሮው ሁሉ ውስጥ ነው፤ እሱ ውጭ ነው። ይህን ሲያስብ ያፈነው ሳል መሀረቡን ጥሶ ወጣ፤ ከታች፣ ከጠባሳው ሥር ነው የተነሳው፤ ፍቅሬ አጎንብሶ ግድግዳውን እስኪይዝ ድረስ ሳለ።

ዘፈኖቹ ሲያልቁ ሙህዲን ራሱን ይዞ ወጣ። «ጋሽ ፍቅሬ፣ ገደሉኝ! እንደገና መቅዳታችን ነው።»

ግን የቀበሌው ደወል ተደወለ፤ ሰው ለስብሰባ ይገባ ጀመር፤ ማይክራፎኑን አንሱ ተባሉ። ሙህዲን ያቺን ቦታ መልሶ ሰማት፤ ደግሞ መለሳት።

«በቃ ይሁን» አለ። «አሁን እንኳ ባዶ ነው የሚለኝ የለም።»

ካሴቱ ተሸጠ። ከየሻይ ቤቱ ይሰማል። ሰዎች ፍቅሬን ገበያ ሲያገኙት ትንሽ ፈቀቅ ብለው ይቆሙና፣ «ይሄ አለሙ! ያቺን ሳል ከየት አመጣት? የምር በሽተኛ እኮ ነው የሚመስለው!» ይሉታል።

«ጎበዝ ልጅ ነው» ይላል ፍቅሬ።

ዘፈኑ በከተማው ሁሉ ይዘፈናል፤ ብድሩ ግን አልቀለለውም። አንድ እሁድ የሙህዲንን የባትሪ ቴፕ ተዋሰ። አሞራ ገደል የተጠበሰ አሳ በጋዜጣ አስጠቀለለና በጋሪ ወደ ቱላ ወረደ።

ታቢታ ደጃፏ ላይ ነበረች። ጠጉሯ ሸብቷል።

«ሰፊው! ሞቷል ብዬ ትቼህ ነበር እኮ!»

ቤቷ ውስጥ ያለው በርጩማ አንድ ነው። ሰው እንደማይጠይቃት ከዚያ አወቀ። እሱን በርጩማው ላይ አስቀምጣ እሷ መደቡ ላይ ሆነች፤ እሱ ቴፑን መሀላቸው አኖረና፣ ያንቺና የኔ ታሪክ ነው ብሎ ከፈተው።

«እኔ እንዲህ ያለ ቀጭን ድምፅ ነው ያለኝ?» ብላ በሙሉመቤት ሳቀች። አለሙ ሲስል ደግሞ፣ «ይሄስ ማነው? ጉንፋን ነው የያዘው» አለች።

ሙዚቃው ዝም አለ።

«ባትሪው አለቀ?»

«ቆይ።»

ከሩቅ፣ ከግድግዳ ወዲያ፣ ሳሉ መጣ። ታቢታ ሳቋን አቆመች።

«ይሄ ያንተ ነው» አለች። «እኔ ይሄን በግድግዳ ስንት ሰምቼዋለሁ። ለምን ራቀ?»

«ውጭ ነበርኩ።»

«እነሱስ ለምን ዝም አሉ?»

«እያጎረስሽኝ ነው።»

ቴፑን አየች፤ እሱን አየች። «ካሴት አይበላም» አለች። «ብድሬስ?»

ጋዜጣውን ፈታ። አጥንቱን ለቀመ፤ አንድም ሳያስቀር እስኪለቅም ብዙ ቆየ።

«አይጋባም ብሎኛል ሐኪሙ።»

«ሐኪም ጠየቅሁህ?» አለችና አፏን ከፈተች።

አጎረሳት። ቴፑ ውስጥ እነ አለሙ ምርት እናሳድግ እያሉ ነበር። ታቢታ ዓይኗን ከሱ ሳትነቅል አላመጠች፤ ዋጠች። ፍቅሬ እጁ አሳ አሳ እንደሸተተ ጉልበቱ ላይ አሳረፈው።

«ጨው አንሶታል» አለች ታቢታ። «ግን ተከፍሏል።»