ሰኞ የሚፈተሸው ክፍል

ሰኞ መጋቢት 9 ቀን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ሲስተር ዶርካስ ኩማሲ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል በር ላይ ቆማ ለእናቶቹ በረኪና አደለች።

የላቦራቶሪው ኦፎሪ ሰኞ ሰኞ እየመጣ ሲንኩንና ሕፃናቱ የሚተኙባቸውን የማሞቂያ ሳጥኖች በጥጥ እየነካ ናሙና ይወስዳል፤ መድኃኒት የተላመደ ተህዋሲ ካገኘ ክፍሉ ይዘጋል። መምጫውን ሁሉም ስለሚያውቅ በረኪናው ይቀድመዋል።

ከእናቶቹ የአንዷ፣ የሰርዋ ልጅ ያለጊዜው የተወለደ ነው። ከእሑድ ጀምሮ ሰውነቱ እሳት ሆኗል፤ የሚሰጠው መድኃኒትም አልረዳውም።

«ክፍሉ ከተዘጋ ልጅሽን ታቅፈሽ ኮሪደር ላይ ትቀመጫለሽ» አለቻት ዶርካስ። «ማሞቂያው ያንቺ ደረት ነው።»

ሰርዋ ጥፍሯ እስኪላጥ ፈተገች። የሲንኩን ውሃ መውረጃ እንኳ ጣቷን ከታ አጠበችው። ዶርካስ ወደ ሌሎቹ ዞረችና «ይቺን ያገባ ታድሏል። እናንተ ድስት አጥባችሁም የምታውቁ አትመስሉ» አለች። እናቶቹ ሳቁ፤ ሰርዋም ሳቀች።

ኦፎሪ ሲገባ ሽታው አስነጠሰው። «ሲስተር፣ ዛሬም ቀደማችሁኝ?» አለ።

«ቆሻሻ ላይ እንድናስተኛቸው ነው የምትፈልገው ወንድሜ?»

በጥጡ ነካክቶ ሄደ።

ረቡዕ ውጤቱ መጣ፤ ክፍሉ ንጹሕ ነው። ሰርዋ ሐኪሙን መድኃኒቱን ቀይርልኝ ብላ እግሩ ላይ ወደቀች። እሱም ጠንካራው መድኃኒት ጥቂት እንደሆነ፣ ንጹሕ ክፍል ውስጥ ላለ ልጅ እንደማያባክነው ነገራትና አልፏት ሄደ።

ልጁ ሐሙስ ጠዋት ሞተ። የራሱ የደም ምርመራ ውጤት የደረሰው ከሞተ በኋላ ነው፤ ያ ሲሰጠው የከረመው መድኃኒት ተህዋሲውን ጭራሽ አይነካውም ነበር።

አማቷ አፏን በመዳፏ ያዘቻት። «ስምንት ቀን ሳይሞላው፣ ስም ሳይወጣለት የሄደ እንግዳ ነው። ለእንግዳ አይለቀስም፤ ካለቀስሽ ሌላው ልጅ እንዳይመጣ መንገዱን ትዘጊበታለሽ።»

ሰርዋ አላለቀሰችም። ተመልሳ ዶርካስ ፊት ቆመች።

«እኔ ነኝ ሲንኩን ያጠብኩት፣ ሲስተር። ለሐኪሙ እነግረዋለሁ።»

ዶርካስ ጓንቷን እየሳበች ቀና አለች። «ንገሪው። የገዛ ልጄን ገዳይ ደበቅኩ በይው። እጅሽን ይዞ ያሳጠበሽ ሰው ነበር?»

ሰርዋ ወጣች፤ ለማንም አልተናገረች።

ከቀትር በኋላ በልጇ ሳጥን ውስጥ ሌላ ሕፃን ተኛ። ክፍሉ በዚያ ዓመት አንድ ቀንም አልተዘጋም።