የአባቴ ፊት በዚንክ ሰሌዳ ላይ

ባሌ ሉሸስ የካርቱን ሠዓሊ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አንድ ጥቁር እንግዳ እራት ጋብዘው አገር ምድሩ ቀውጢ በሆነ ጊዜ የነጮቹ ጋዜጦች እንግዳውን ዝንጀሮ እያደረጉ ይሥሉት ጀመር። ሉሸስ ደሙ ፈላ። "እኔ ሰው አድርጌ እሥለዋለሁ!" አለና ለእንግዳው ፊት አምሳያ አድርጎ የሚሥለው ሰው ፈለገ። የመረጠው አባቴን ነው።

አባቴ ኦባዲያ ቶሊቨር ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ነጩም ጥቁሩም የሚያውቀው ፀጉር አስተካካይ ነው። የእሁድ ሱፉን ለብሶ፣ የኪስ ሰዓቱን ሰንሰለት አንጠልጥሎ ሊሣል ማድ ቤታችን ገብቶ ተቀመጠ።

"ፕሬዚዳንቱ የታሉ?" አለ እየሳቀ።

"ያ ባዶ ወንበር ናቸው፣ አባባ" አለው ሉሸስ።

"እንግዲያው ጢማቸው መከርከም እንዳለበት ንገርልኝ። ለእሳቸው በነፃ ነው።"

በእኛ ሰዎች ጋዜጣ ላይ የጥቁር ሰው ፊት ሲሣል ነጣ ተደርጎ ነበር፤ እንዲያምር ተብሎ እኮ ነው። ሉሸስ ግን የአባቴን ፊት እንዳለ፣ በጥቁር ቀለም አጥግቦ ሣለው። ሥዕሉ በማተሚያው የዚንክ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ በጋዜጣችን ታተመ። አባቴም ጋዜጣውን ከሱቁ መስታወት አጠገብ ሰቀለው፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ደንበኛ ሁሉ ወደደም ጠላም ያየው ነበር። ሰሌዳው ራሱ የጋዜጣችን አዘጋጅ አቶ ፔቲፎርድ ዘንድ ተቀመጠ።

ምርጫው ሲቃረብ ሉሸስ ያንኑ ሰሌዳ ቤት ይዞት መጣ። "ጭረት አለው፣ ላስተካክለው ነው" አለኝ። ማድ ቤት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በቀጭን መሮ ሲፍቅ አመሸ። እኔ ሞኟ ፍቅፋቂውን ጠረግሁለት፤ የበቆሎ ዳቦውንም ከእጁ እንዳይርቅ አጠገቡ አኖርሁለት። በዚያው ሰሞን ትልቁ የነጮች ጋዜጣ ቀጠረው። ጥቁር ሠዓሊ ቀጥረው አያውቁም። ባሌ በችሎታው ገባ ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ ጉራዬን ነዛሁ።

ከዚያ ያ ጋዜጣ ፕሬዚዳንቱ እንዳይመረጡ ያተመው ወረቀት በየአጥሩ ተለጠፈ። የአባቴ ሱፍ፣ የአባቴ ሰንሰለት፣ የአባቴ አቀማመጥ። አፉ ዙሪያ ግን እስከ ጉንጩ የሚደርስ ነጭ ከንፈር፣ ዓይኑም ነጭ ሆኖ የፈጠጠ። ፕሬዚዳንቱ ጎንበስ ብለው ሾርባ ይቀዱለታል። ሥሩ ላይ "ይህን በማዕዳችሁ ትፈልጋላችሁ?" ይላል። ዚንክ ላይ የተፋቀው ቦታ ቀለም አይዝም፤ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ፊቱ ጥቁር ሆኖ ባይሣል ኖሮ የሚፍቁት ነገር አያገኙም ነበር።

አንድ ነጭ ደንበኛ ወረቀቱን ይዞ ሱቅ ገባ አሉ። "ኦባዲያ፣ የፕሬዚዳንቱ ሾርባ ከንፈርህን አቃጠለው እንዴ?" አለው። አባቴ ላጨውና ሸኘው። ማታ ቤታችን መጥቶ እህል አልቀመሰም።

"አቶ ፔቲፎርድ ነው ሰሌዳውን የሸጠው" አለ ሉሸስ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

አባቴ እንደወጣ፣ "የጠረግሁት ፍቅፋቂ የምን ነበር?" አልሁት።

"የቀጠሩኝ ሰሌዳውን ፍቄ እንድሰጣቸው ነበር። እኔ ባልፍቀው ሌላው ይፍቀዋል፤ እኔ ቢያንስ እንጀራ እበላበታለሁ" አለኝ። "ደሞ ለአባትሽ ብትነግሪው የሚጎዳው እሱ ነው።"

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ እንዲህ እንደሚያም ግን አላውቅም ነበር። ቢሆንም አፌን ያዝሁ። ትዳሬን ፈራሁ፤ ከሁሉ በላይ አባቴ ይህን ሲሰማ ላየው አልቻልሁም።

ቅዳሜ አባቴ እንደ ልማዱ ሉሸስን ሊላጨው መጣ። ከተጋባን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ አማቹን በገዛ እጁ ይላጫል፤ የወለድሁት ወንድ ልጅ ቢኖረኝ እንዲህ አደርግለት ነበር ይላል። ፎጣውን አንገቱ ላይ አሰረለት፤ አፉ ዙሪያ የሳሙና አረፋ ለቀለቀበት፤ ምላጩን በጠፍሩ ላይ ሳለ።

"አይዞህ ልጄ" አለው። "ያንተን እጅ ነው ያረከሱት። ነገ ቤተ ክርስቲያን ተነሥቼ ፔቲፎርድን በጉባኤው ፊት ሌባ እለዋለሁ። ሃያ ዓመት አብሮኝ ሲዘምር እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን አላወቅሁም።"

ሉሸስን አየሁት። ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ።

"ይገባዋል፣ አባባ" አለ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ከዚህ በላይ አልቻልሁም።

"አባዬ፣ አቶ ፔቲፎርድን ተወው። እዚች ጠረጴዛ ላይ ፊትህን የፋቀው ሉሸስ ነው። እኔ ነኝ ፍቅፋቂውን የጠረግሁት።"

ምላጩ ሉሸስ ጉሮሮ አጠገብ ቆመ።

"እውነት ነው?" አለ አባቴ።

"አባባ፣ ስምዎን እኮ አልጻፍሁም። ማን ያውቅዎታል ብዬ..."

"እኔ ራሴን አወቅሁት።"

አባቴ ምላጩን ጠረገ፤ አጥፎ ኪሱ ከተተ። ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ፣ ለማንኛውም ደንበኛ ሲጨርስ እንደሚያደርገው የእጅ መስታወቱን አነሣና ከሉሸስ ፊት ያዘለት።

"እየው" አለ። "ጨርሻለሁ።"

ጥቁር ፊት፣ አፉ ዙሪያ እስከ ጉንጩ ነጭ አረፋ፣ ዓይኑ ፈጦ። ሉሸስ ለረጅም ጊዜ አየው። አባቴ መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ።

"ዴልያ፣ ፊቴን የምታጠብበት ውሃ አቀብዪኝ" አለኝ ባሌ።

ገንቦው አጠገቤ ነበር። አላቀበልሁትም።