የእትዬ ስንዱ ትከሻ

ከአንዳርጌ ቤት በታች እትዬ ስንዱ ጣሪያውን በትከሻቸው ተሸክመው ይኖራሉ። አንዳርጌ ይህን ያወቀው የልጁ ክርስትና ሲቃረብ፣ አንድ ጠዋት ሊጣላቸው በወረደ ጊዜ ነው።

የጠቡ መነሻ በርበሬ ነው። ሚስቱ ብዙአየሁ ሙቀጫውን ሳሎን መሃል አስቀምጣ ትወቅጣለች፤ ከታች ደግሞ ጣሪያው በመጥረጊያ እንጨት ይደበደባል። በኮንዶሚኒየም ይህ ብርቅ አይደለም። ለመውቀጫ የተሠራ የጋራ ቤት አለ፤ ቁልፉ ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ጋ ነው። ብዙአየሁ በወቀጠች ቁጥር እትዬ ስንዱ ያንኳኳሉ። እሷ «አሁንስ አበዙት!» ትላለች። አንዳርጌ ከስልኩ ቀና ሳይል «ተያቸው፣ ብቸኛ ሰው ናቸው» ይላታል። እንዲህ ሲባባሉ ዓመታት አለፉ።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለውን አንዳርጌም ያውቀዋል፤ ለሰው ሲመክርም ይጠቅሰዋል። እሱ ግን የታች ቤት ጎረቤቱን መልክ እንኳ አይቶ አያውቅም። ቤቱን የገቡ ሰሞን እትዬ ስንዱ በጥበቃው እጅ አንድ ሳህን ቆሎ ልከውላቸው ነበር። ቆሎው ያን ዕለት ማታ አለቀ። የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስምና፣ የሚሞላበት ነገር እስኪገኝ ብለው ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጡት። የሚሞላበት ነገር ጠፍቶ ሳይሆን ነገ ነገ እየተባለ እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ማንኳኳቱ ሌላ ጊዜ ከሚሰሙት የበረታ ነበር። ሕፃኗ ትንግርት ብርግግ ብላ ነቅታ ማልቀስ ጀመረች። አንዳርጌ ደሙ ፈላ። ጫማውን ሳያስር ደረጃውን ወረደ።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ገፋ አድርጎ ገባ። እትዬ ስንዱ ሳሎኑ መሃል፣ ጠረጴዛ ላይ ቆመዋል። አንገታቸውን ወደ ግራ አዘንብለው ጣሪያውን በቀኝ ትከሻቸው ይዘዋል። ትከሻቸው ያረፈበት ኮንክሪት እንደ መጅ ልሟል። በእጃቸው መጥረጊያ አለ።

«እንደምን አደርክ፣ የኔ ልጅ» አሉት። «ኖር ብዬ እንዳልነሳልህ ይኸው ቆሜያለሁ።»

«ምን እያደረጉ ነው፣ እትዬ?»

«ቤታችሁን ይዤ ነዋ።»

«ምሰሶውስ?»

«ምሰሶ የለውም። ከገባችሁ ጀምሮ እኔ ነኝ። እናንተስ ብዙ አትከብዱም። ስትወቅጡ ግን ትከሻዬ ይንሸራተታል። አሁን ደግሞ ሕፃን አለች፣ እፈራለሁ። የማንኳኳው ለዚያ ነው።»

አንዳርጌ ሊስቅ ዳድቶት ነበር። እትዬ ስንዱ ይህን አዩና ትከሻቸውን ጥቂት፣ በጣም ጥቂት፣ ዝቅ አደረጉ። ላይ ቤት ብርጭቆዎች ተንኳኩ። ብዙአየሁ «ወይኔ!» ስትል ተሰማ። የትንግርት አልጋ ወለሉን እየፋቀ ተንሸራተተ። እትዬ ስንዱ ትከሻቸውን መለሱ፤ አልጋውም ቆመ።

አንዳርጌ በዕድሜው እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለ። «አላወቅንም። ሳህንዎንም ሳንመልስ…»

«ምስጋናው ይደርሳል። ይልቅ ትከሻህን አምጣና አንዴ ታች ደርሼ ልምጣ።»

«ታች ምን አለ?»

«የኔን ወለል የያዘልኝ ሰው አለ። ድምፁን እንጂ ስሙን አላውቀውም። አንድ ቀን እንኳ ሳላመሰግነው ብሞት ነውር ነው። ጥበቃው ቆሎ አምጥቶልኛል። ሳህን ስለሌለኝ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ እወስድለታለሁ።»

«ቶሎ ይመለሳሉ?»

«አመስግኖ መመለስ ምን ይፈጃል?»

አንዳርጌ ጠረጴዛው ላይ ወጣና ትከሻውን ከትከሻቸው አጠገብ ደገነ። እትዬ ስንዱ ቀስ ብለው ለቀቁለት። ክብደቱን ወዲያው አወቀው። ይህ ቁም ሳጥኑ ነው፣ ያ ሙቀጫው ነው፣ ወዲያና ወዲህ የሚለው የብዙአየሁ እግር ነው። ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ቀላል ነገር አለ፤ እሱ ትንግርት ናት። እንባው መጣ። ሴትየዋን ያን ጊዜ ከልቡ አመሰገናቸው። እሳቸው ግን አንገታቸው እንዳዘነበለ ቋጠሯቸውን ይዘው ወጥተው ነበር።

ኮቴያቸው ደረጃውን ወረደ። ታች በር ተንኳኳ፣ ተከፈተ። የሰላምታ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ ጸጥ አለ። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር ወለሉ ጥቂት ዝቅ አለና ቆመ።

«እትዬ ስንዱ!» ብሎ ተጣራ።

«አቤት፣ የኔ ልጅ» አሉ ከእግሩ ሥር።

«አይመጡም?»

«ሰውየውም ከበታቹ ያለውን ሰው አንዴ ላመስግን ብሎኝ ሄደ። አንተ ብቻ አትነቃነቅ። ከበድ ትላለህ።»

አንዳርጌ አዳመጠ። የሰውየው ኮቴ ወረደ፤ በር ተንኳኳ። ቆየት ብሎ የሌላ ሰው ኮቴ ወረደ፤ ሌላ በር ተንኳኳ። የምድር ቤቱም በር ተንኳኳ። የሕንፃው መጨረሻ እሱ ነው፤ አንዳርጌ በየቀኑ የሚገባ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። ቢሆንም ኮቴው መውረዱን አላቆመም። ከምድር ቤቱ በታች፣ ከሩቅ፣ አንድ በር ተንኳኳ፣ ተከፈተም። አንዳርጌን ላብ አጠመቀው።

ያን ጊዜ ብዙአየሁ መውቀጥ ጀመረች። በመጀመሪያው ምት ትከሻው ተንሸራተተ። በሁለተኛው የልጁ አልጋ ወለሉን ፋቀና ትንግርት አለቀሰች። አንዳርጌ እየጮኸ የሚስቱን ስም ጠራ፤ ኮንክሪቱ ድምፁን ዋጠው። በነፃ እጁ እትዬ ስንዱ ትተውት የሄዱትን መጥረጊያ አነሳና ጣሪያውን ባለ በሌለ ኃይሉ ደበደበ።

ሙቀጫው ቆመ።

«አሁንስ አበዙት!» አለች ብዙአየሁ።

ላይ ቤት አንድ ሰው ከወንበር ተነሳ። ጫማው አልታሰረም፤ ክሩ ወለሉን ሲጠርግ አንዳርጌ በትከሻው አወቀው። ሰውየው ወደ አልጋው ሄዶ ጎንበስ አለ። ትንግርት ወዲያው ዝም አለች፤ የአባቷን እቅፍ ታውቀዋለች።

«ተያቸው» አለ የአንዳርጌ ድምፅ ከላይ፣ ረጋ ብሎ። «ብቸኛ ሰው ናቸው።»

ብዙአየሁም መውቀጧን ቀጠለች።