ሦስት መጥረጊያ

ጋሽ ገብረየስ ጠረጴዛው ላይ ከተዘረጉት ሦስት ጠመንጃዎች ትንሿን ባነሷት ጊዜ ሳያስቡት ፈገግ አሉ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከባድ ነገር ተሸክሞ ኖሮ ቀላል ነገር እጁ ሲገባ ፊቱ ላይ የምትመጣ ፈገግታ አለች ልጆቼ፤ እሷ ናት።

ቦታው ሰበታ ነው፤ የአደን ድርጅቱ ዕቃ ቤት። ድርጅቱ ፈቃድ ይዘው ከውጭ የሚመጡ አዳኞችን ወደ አርሲ ተራሮች ይወስዳል። ጋሽ ገብረየስ ደግሞ ዱካ እያዩ ከፊት የሚመሩት፣ እንግዳው ተኩሶ ያቆሰለው አጋዘን ጫካ ሲገባም ተከትለው የሚገላግሉት ሰው ናቸው። የቆሰለ እንስሳ በስቃይ እንዳያድር የሚሄድ ሰው ጠመንጃ ያስፈልገዋል። የእሳቸው ጠመንጃ ሰደፉ ጥቁር እንጨት፣ በርሜሉ ረጅም፣ ከእሳቸው በፊት ሌላ ሰው ያረጀበት ነው። ክብደቱ አምስት ኪሎ ገደማ ነው። አምስት ኪሎ ገበያ ላይ ምንም አይደለም፤ ዳገት ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ግን ትከሻ ላይ ቁጭ ያለ ሰው ነው።

«ይቺን ነው የምይዘው» አሉ ትንሿን ደረታቸው ላይ አስጠግተው። ሰደፏ ፕላስቲክ ነው፤ በርሜሏ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ።

የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ኪሩ ጭንቅላቱን አከከ። «ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ። ቀላል ጠመንጃ ሲተኮስ ትከሻ ይመታል። ደግሞ ሮጠው ደርሰው እያለከለኩ ሲያነጣጥሩ ከትንፋሽዎ ጋር ትወዛወዛለች። ከባዱ ነው የሚረጋው። ይሄንን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ትከሻዬ ለምዷል። የከዳኝ እግሬ ነው።»

ኪሩ ይሄን ሲሰማ ወደ መስኮቱ ዞረ። አምና ተራራው ላይ ጋሽ ገብረየስ ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። እንግዳውም የጉዞው አለቃም ቆመው ጠበቋቸው። ሁሉም አይቷል። ዘንድሮ የድርጅቱ ባለቤት ከፊት የሚሄድ ሰው ሙሉ ቀን መሄድ መቻሉን ያሳይ ብለዋል፤ ያንን ለጋሽ ገብረየስ የመንገር ዕዳ ኪሩ ላይ ወድቋል።

«ከቡራዩ ተነስተው በእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ ይግቡ» አለ ፊቱን ሳያዞር። «ሳይመሽ። ዲሪባ እዚያ ይቀበልዎትና ይደውልልኛል። ከሦስቱ በየትኛው እንደሚሻልዎት ያን ጊዜ ይንገሩኝና እሱን አስመዘግብልዎታለሁ።»

«ካልደረስኩስ?»

«ካልደረሱ...» ኪሩ ድምፁ ወረደ። «እዚህ በሩ ላይ ዘበኛ እንፈልጋለን ጋሼ። ከሥራ አይወጡም።»

ዲሪባ የሱሉልታ ሰው ነው፤ ጎልማሳ፣ ከጋሽ ገብረየስ ኋላ ስንቅና ድንኳን ተሸክሞ ብዙ ዓመት የሄደ። እሳቸው ከቀሩ ቦታው የእሱ ነው። ይሄንን ሁለቱም ያውቃሉ፤ አውርተውት ግን አያውቁም።

«እንግዲያው ሦስቱንም አውሰኝና ልሞክራቸው።»

«ኧረ ጋሼ! ከዚህ በር አላወጣም። በዚህ ጊዜ ጠመንጃ አንግቶ ተራራ ለተራራ የሚሄድ ሰው...» አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም።

ጋሽ ገብረየስ ግን ከሐሳባቸው የሚመለሱ አልነበሩም። ሦስቱንም ጠመንጃ፣ የድሮውን፣ መካከለኛውንና ቀላሏን፣ በኪሩ ሚዛን አስመዘኑ። ክብደታቸውን በልባቸው ይዘው ቡራዩ ተመለሱና ቀጥታ ወደ ፈቀደ ሄዱ። ፈቀደ ከወላይታ የመጣ በያጅ ነው፤ የሰፈሩን በርና መስኮት የሚሠራው እሱ ነው።

ፈቀደ ሦስት የብረት ቱቦ ቆርጦ በየልኩ አሸዋ ሞላባቸው፤ ጫፋቸውን በየደ፤ ለማንገቻው ቀለበት አበጀላቸው። ሲጨርስ አንዱን በርቀት ግድግዳ ላይ አስደገፈውና ቆሞ አየው።

«ጋሼ፣ ይሄ ከሩቅ ምን ይመስላል?»

ጋሽ ገብረየስም አዩት። «ጠመንጃ» አሉ።

ፈቀደ ሳቀና ወደ ጓዳው ገብቶ ሦስት ሰፋፊ የመንገድ መጥረጊያ ራስ ይዞ መጣ። በሦስቱም ቱቦ ጫፍ ገጠመላቸው። «በቃ! አሁን ማን ይነካዎታል? ቢበዛ ግቢ ጥረጉልን ይሉዎታል።»

ቤታቸው ሲደርሱ ባለቤታቸው የወይንሐረግ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። ሦስት መጥረጊያ፣ በማንገቻ፣ ትከሻ ላይ።

«አንተ ሰውዬ! ስንት ዓመት ሙሉ ቤት ጥረግ ስልህ ወገቤን ያልክ፣ ዛሬ ለጫካ መጥረጊያ ገዛህ?»

«ልምምድ ነው።»

«የምን ልምምድ?»

ነገሯት። ሳቋን ተወች። «ገብሬ፣ ብትቀርስ?» አለቻቸው ቀስ ብላ። «ዘበኝነት ምን አለበት? ከቤት አትርቅ፤ እኔም ቁርጡን አውቄ አድራለሁ።»

«እስቲ መጀመሪያ ልሞክር።»

በከባዱ ጀመሩ። ክፉውን ቀድሞ መገላገል ይሻላል ብለው ነው። የቡራዩን አዳዲስ ቤቶች አልፈው፣ ቆርቆሮ አጥሩ ሲያልቅና ባሕር ዛፉ ሲጀምር፣ መንገዱ እየቀጠነ ሽቅብ ይዞ ይወጣል። መንገድ ላይ ያገኟቸው ወጣቶች «ፋዘር፣ ሱሉልታን ሊጠርጉ ነው?» እያሉ ሳቁባቸው። «ከናንተ ሰፈር ልጀምር ነበር፣ ቆሻሻው በዛብኝ» ብለው አለፉ። እስከዚያ ደህና ነበሩ። ዳገቱ መሐል የወደቀ ጥድ አለ። እዚያ ሲደርሱ ትንፋሻቸው አጠረ፤ ጭናቸው ውስጥ ያለው ነገር ውኃ ሆነ። ግንዱ ላይ ተቀመጡ። ለመነሳት ሲሞክሩ እግራቸው እንቢ አለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቀስ ብለው ወደ ቡራዩ ወረዱ።

ክብደቱ ነው አሉ። ማን አይልም?

በመካከለኛው ሲወጡ ደግሞ ካፊያ ነበር። ያው ግንድ ላይ ተቀመጡ። ጭቃው ነው አሉ፤ ጫማውም ሶሉ አልቋል። ለዲሪባ ደወሉለት። «ዛሬም ጭቃ ያዘኝ። ግድ የለህም፣ ቀላሏ ቀርታኛለች።»

«እጠብቅዎታለሁ ኦቦ ገብረየስ» አለ ዲሪባ። «ዘመቻ አይደል፣ ምን ያስቸኩላል?» ድምፁ ውስጥ ግን ችኮላ ሳይሆን ሌላ ነገር ነበር፤ የእሳቸው ልብ እንዳይሰበር የፈራ ሰው ድምፅ።

በቀላሏ የወጡበት ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሶላቸውን አስቀይረዋል። መጥረጊያዋ ትከሻቸው ላይ መኖሯንም ይረሱ ነበር። ወጣቶቹን ቀድመው ሰላም አሏቸው። የወደቀው ጥድ ጋ ሲደርሱ አላዩትም፤ ሆን ብለው ፊታቸውን አዙረው አለፉት። አለፉት፣ ልጆቼ። ልባቸው «አየህ!» አለ። ትንሽ ከፍ እንዳሉ ግን ጉልበታቸው ታጠፈ። እንደ ሕፃን በእጃቸው እየተደገፉ ወደ ግንዱ ተመለሱ።

እዚያ ተቀምጠው ሳለ ገለቴ መጣች። ገለቴ ከጫካው ቅጠል እየለቀመች ከተማ የምትሸጥ ሴት ናት፤ በእነዚያ ቀናት ሁሉ ስታልፍ አይታቸዋለች። ጀርባዋ ላይ የተጫነው ቅጠል እሷን ሁለት ያህላል።

«አካም ጅርቱ ኦቦ? ጫካው አልተጠረገም እንዴ?»

«ናጋዳ፣ ደህና ነኝ። መጥረጊያው ከበደኝ።»

ሸክሟን ዛፍ ላይ አስደግፋ መጥረጊያዋን በአንድ እጇ አነሳቻት። ሳቀች። «ይቺ ናት የከበደችው? እኔ ሽቅቡን ባዶዬን ነው የምወጣው፤ የምሸከመው ስወርድ ነው። ባዶዬንም ስወጣ ግን ይደክመኛል። እግር ሲደክም ባዶ እጅ አይቶ አይምርም ኦቦ።» ይሄን ብላ ሸክሟን አስተካክላ ወረደች።

ያቺ ቃል ቤት ድረስ ተከተለቻቸው። እስከዚያ ድረስ ጥፋቱ ከብረቱ ነው ብለው ነበር፤ ከአሸዋው፣ ከጭቃው፣ ከሶሉ። አንድ ያልሞከሩት ነገር ነበር።

በቀጣዩ ቀን ለማንም ሳይናገሩ ወጡ። መጥረጊያ የለም። ውኃም አልያዙም፣ ውኃም ይከብዳል ብለው። እጃቸውን እያወናጨፉ፣ ባሕር ዛፉን አልፈው፣ ዳገቱን ያዙ። ወጣቶቹ «ዛሬ እረፍት ነው እንዴ ፋዘር?» አሉ። ሳይቆሙ አለፏቸው።

ግንዱ ጋ ሲደርሱ ተቀመጡ።

ያው ግንድ። ያው ትንፋሽ። ያው ውኃ የሆነ ጭን። መዳፋቸውን ከፍተው አዩት፤ ባዶ ነው። ከዚህ የሚቀል ጠመንጃ ማን ይሠራል? ሌላ የሚጥሉት ሸክም አልነበራቸውም።

ዲሪባ ደውሎ ስልካቸውን አላነሱ ቢሉት ጊዜ ሰግቶ ከሱሉልታ በኩል ጫካውን ቁልቁል ይዞ መጣ። ሲያገኛቸው ከሰዓት በኋላ ነበር።

«ኦቦ ገብረየስ! መጥረጊያውስ?»

«የለም።»

«ጣሉት?»

«አልያዝኩም ነበር።»

ለዲሪባ ገባው። አጠገባቸው ተቀመጠና ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አፈሰሰላቸው። አልበሉትም።

«ደረሱ ብዬ ልደውል» አለ በመጨረሻ፣ መሬት መሬት እያየ። «ማን ያያል? ተራራው ላይ እኔ አለሁ። ጠመንጃውን እይዝልዎታለሁ። አንቱንም እይዛለሁ።»

«እኔንም?» ሳቃቸው መጣ። «ስንት ኪሎ ነኝ መሰለህ?»

«እኔ የአንቱን ቦታ አልፈልግም። እናቴ ትሙት፣ አልፈልግም።»

«አውቃለሁ ልጄ።» ትከሻውን ያዙት። «ግን እስቲ ንገረኝ። አጋዘኑ ቆስሎ ቁልቁል ገባ እንበል። እንግዳው ደሙ ሞቆ ተከትሎት ሮጠ። እኔ እንዲህ ግንድ ላይ ተቀምጫለሁ። አንተ እኔን ይዘህ ትቆማለህ ወይስ እሱን ትከተላለህ?»

ዲሪባ ቁልቁል ወደ ጫካው አየ።

«ጎበዝ። ቶሎ ብትመልስልኝ ነበር የምፈራልህ። በል ደውል፤ አልደረሱም በለው።»

ዲሪባ ስልኩን አወጣ። ያዘው። ግን አልደወለም። ጋሽ ገብረየስ የራሳቸውን አውጥተው ደወሉ።

«ኪሩ፣ ገብረየስ ነኝ። አልደረስኩም።»

«ግድ የለም ጋሼ። ሌላ ቀን በቀላሏ ይሞክሩ።»

«በቀላሏ ሞክሬያለሁ። ከእሷ በሚቀለውም ሞክሬያለሁ።»

ዲሪባ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ቡራዩ አወረዳቸው። መንገዱን ሙሉ ስለ ሌላ ነገር አወሩ፤ ስለ ሱሉልታ መሬት፣ ስለ ዲሪባ ልጅ ትምህርት። አንድ ገደል አጠገብ ሲደርሱ ጋሽ ገብረየስ ቆመው ጭቃው ላይ ያለ የድኩላ ዱካ አሳዩት፤ ዲሪባ ቀድሞ አይቶት ነበር፤ ግን እንዳላየ ሆነ።

ድርጅቱ ለጉዞ ሲዘጋጅ ሁለቱም ሰበታ ተገናኙ። ኪሩ ጠመንጃዎቹን እንደገና ዘረጋ፤ አሁን የሚመርጠው ዲሪባ ነው። ዲሪባ እጁ ቀጥታ ወደ ቀላሏ ሄደ። አነሳት። ያቺ ፈገግታ ፊቱ ላይ መጣች።

«አስቀምጣት» አሉ ጋሽ ገብረየስ። «ግቢውን ሁለት ጊዜ ዙርና መጥተህ አነጣጥር።»

ዲሪባ ሮጦ ዞረ፤ እያለከለከ ቀላሏን ወደ አጥሩ ምሰሶ አነጣጠረ። አፈሙዟ እንደ ዝንብ ወዲያ ወዲህ አለች። መካከለኛውን ሰጡት። እሱም ተንቀሳቀሰ፤ ግን ቶሎ ረጋ።

«ይሄንን ያዝ። እንስሳው በአንተ ድካም ምክንያት ቆስሎ ማደር የለበትም። ቀላሏ ለደከመ ሰው ናት።» ዲሪባ ማንገቻውን እስኪያስተካክል ቆይተው፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ለደከመ ሰውም አትሆንም» አሉ።

መኪናው ወደ አርሲ ሲነሳ የዕቃ ቤቱን በር የከፈቱት እሳቸው ናቸው። ዲሪባ ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ አንድ ነገር ሊል ፈለገ፤ መኪናው አልቆመለትም። ጋሽ ገብረየስ በሩን ዘግተው ቀረቀሩ።

ኪሩ የድሮውን ጠመንጃ አውጥቶ ሰጣቸው፤ ጥቁሩን፣ ረጅሙን። «ለዘበኝነት ይሄው ነው ያለን ጋሼ» አለ እያፈረ። «ከባድ ነው፤ ግን አይሸከሙትም፤ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ነው የሚውለው።»

«ልክ ነህ» አሉት። ግድግዳው ላይ አስደገፉትና አጠገቡ ተቀመጡ። ከሰበታ ጣሪያዎች በላይ ወጨጫ ይታያል፤ ቅርብ ነው፤ ማለዳ ዛፉ ሁሉ ይቆጠራል።

የወይንሐረግ ሁለቱን ከባድ መጥረጊያዎች ለፈቀደ መለሰቻቸው። ቀላሏን ጋሽ ገብረየስ ሰበታ ወስደዋታል። ጠዋት ጠዋት የዕቃ ቤቱን ደጅ በእሷ ይጠርጋሉ። በሩ አጠገብ ካለችው ድንጋይ ተነስተው እስከ መንገዱ ዳር ድረስ። ግማሽ ሲደርሱ ቆመው ይተነፍሳሉ።